ዘር ያለ እርሻ፣ ቋንቋ ያለ ቀዬ፦ የሱዳኑ የአፊቲ ሕዝብ በኮርዶፋን ጦርነት ጥላ ሥር

ተናጋሪዎቹ በሙሉ ቢሰበሰቡ በአንድ ወረዳ የገበያ ቀን ከሚገናኘው ሕዝብ የማይበልጥ ቋንቋ በጦርነት ዘመን ምን ዋስትና ይኖረዋል? ጥያቄው የተነሣው ከእኛ ብዙም በማይርቅ ምድር፣ በጎረቤት ሱዳን ሰሜን ኮርዶፋን ግዛት ነው። በዚያ ደይር በሚባል ተራራ ግርጌ አፊቲ የተባለ ሕዝብ ይኖራል። የቋንቋው ተናጋሪዎች ቁጥር ወደ 4 ሺህ ይገመታል። የራሱ ቋንቋ፣ ለዘመናት ያረሰው መሬት እና በጊዜ ሂደት የተቀበለው ሃይማኖት አለው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም የፈነዳው የሱዳን ጦርነት ይህ ሕዝብ የሚገበያይባቸውን ከተሞች እና የሚጓዝባቸውን መንገዶች የውጊያ ቀጣና ካደረጋቸው እነሆ ዓመታት ተቆጠሩ።

ከሱዳን የሚደርሱን ዜናዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሁለት ጄኔራሎች፣ ስለ ከተሞች መያዝና መለቀቅ እንዲሁም ስለ ስደተኞች ቁጥር ናቸው። ከእነዚህ ዜናዎች ጀርባ ግን በዕለት ዘገባ የማይታይ ሌላ ጥፋት እየተካሄደ ነው። ገበሬ ከመሬቱ ሲፈናቀል የሚያጣው የአንድ ዓመት አዝመራ ብቻ አይደለም። ከእርሻው ጋር የተያያዘው ዘር፣ ዕውቀት እና ቋንቋም አብሮ ይናጋል። ይህ ጽሑፍ የአፊቲን ሕዝብ አኗኗር፣ ቋንቋ እና እምነት መነሻ በማድረግ ጉዳዩን ይመረምራል።

ተራራው እና ሕዝቡ

የደይር ተራራ የሚገኘው ከግዛቲቱ ዋና ከተማ ከኤል ኦቤድ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከአር ራሃድ ከተማ ደግሞ በስተደቡብ ነው። ዙሪያው ሰፊ ሜዳ ሲሆን ተራራው በመካከሉ ለብቻው ተነጥሎ ቆሟል። ከሩቅ ለሚመለከተው በባሕር መካከል ያለ ደሴት ይመስላል። ሸለቆዎቹ ከዙሪያው ሜዳ የተሻለ እርጥበት ስለሚይዙ በዛፍና በዱር እንስሳት የታወቀ ሲሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በ2009 ዓ.ም በዓለም የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል።

የአፊቲ መንደሮች የሚገኙት በዚሁ ተራራ ምሥራቃዊ ክፍል ነው። አፊቲዎች በጥቅሉ የኑባ ሕዝቦች ተብለው ከሚጠሩት የሱዳን ተራራማ ማኅበረሰቦች አንዱ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ የስም መመሳሰል ማጥራት ያስፈልጋል። በኮርዶፋን ተራሮች የሚኖሩት ኑባዎች በዓባይ ዳርቻ፣ በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ከሚኖሩት ኑቢያውያን የተለዩ ናቸው። ኑባ የሚለው ስም ራሱ የአንድ ጎሣ መጠሪያ አይደለም። በርካታ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ፣ አንዱ ተራራ የሌላውን ንግግር የማይሰማባቸው ብዙ ሕዝቦች የሚጠሩበት የወል ስም ነው።

ከተራራው ወደ ሜዳው ሲወረድ ጀዋምዓ እና ሃዋዝማን የመሰሉ ዐረብኛ ተናጋሪ ማኅበረሰቦች ይኖራሉ። ከእነዚህ መካከል አራሾችም፣ ከወቅት ወቅት ከብት እየነዱ የሚዘዋወሩ አርብቶ አደሮችም አሉ። የአፊቲ ገበሬ ከእነርሱ ጋር በገበያ ይገናኛል፤ እህል ሸጦ ከብት ወይም ጨርቅ ይገዛል፤ አንዳንዴም በግጦሽና በውኃ ይጋጫል። የመገበያያው ቋንቋ ዐረብኛ በመሆኑ የአፊቲ ሰው ከራሱ ቋንቋ በተጨማሪ ዐረብኛን ማወቁ የግድ ነው።

የገበሬው ዓመት

በኮርዶፋን ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የሚዘንብ ሲሆን፣ ለእኛ የቆላ ገበሬ የዚያ አገር የእርሻ ዘመን እንግዳ አይሆንበትም። ማሽላ ዋነኛው የምግብ እህል ነው። ሰሊጥ፣ ለውዝ እና ባሚያ ይዘራሉ። ደረቁ ወቅት ሲገባ ደግሞ ከግራር ዘመዶች አንዱ ከሆነው፣ በሱዳን ሀሻብ ከሚባለው ዛፍ ሙጫ ይሰበሰባል።

በኑባ ተራሮች የገበሬው መሬት በተለምዶ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው በቤቱ ዙሪያ ያለው የጓሮ እርሻ ነው፤ በሱዳን ዐረብኛ ጁብራካ ይባላል። ይህ በአብዛኛው የሴቶች ድርሻ ሲሆን፣ ቶሎ የሚደርሰው ማሽላ፣ ባሚያ፣ ዱባ እና መሰል አትክልት የሚዘሩበት ነው። ሁለተኛው በተራራው ተዳፋት ላይ በድንጋይ እርከን የተሠራው ማሳ ነው። ሦስተኛው ከመንደሩ ርቆ በሜዳው ላይ ያለው ሰፊ እርሻ ነው። ጓሮው በረሃቡ ወራት፣ ማለትም ያለፈው ዓመት እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ ባለው ጊዜ ቤተሰቡን ያሻግራል። የሩቁ ማሳ ደግሞ የዓመቱን ቀለብና ለገበያ የሚተርፈውን ያስገኛል። ይህ አከፋፈል ከአንዱ ማሳ ቢታጣ በሌላው የሚካስበት የጥንቃቄ ሥርዓት ነው።

የሙጫው ሥራ በአገራችን ምዕራባዊ ቆላ ያሉ ገበሬዎችም የሚያውቁት ነው። ዝናቡ ካቆመና ቅጠሉ መርገፍ ከጀመረ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ፣ የዛፉ ቅርፊት በስለት ይላጣል። ከሳምንታት በኋላ በቁስሉ ላይ የጠጠረው ሙጫ እየተለቀመ ይሰበሰባል፤ ለቀማውም በየተወሰነ ሳምንት ይደጋገማል። ይህ ምርት ለለስላሳ መጠጥ፣ ለከረሜላ፣ ለመድኃኒት እና ለቀለም ፋብሪካዎች እጅግ አስፈላጊ ነው። ከዓለም አቅርቦት አብዛኛው የሚመጣው ከሱዳን ሲሆን፣ የኤል ኦቤድ ገበያ የዚህ ንግድ ማዕከል ሆኖ ኖሯል። አሜሪካ በ1990 ዓ.ም በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ስትጥል ሙጫውን ከእገዳው ውጭ ማድረጓ የምርቱን ክብደት ያሳያል። በደይር ዙሪያ ያለ ገበሬ የለቀመው ሙጫ ሩቅ አገር በሚሸጥ የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

የባቡር ሐዲዱ በ1904 ዓ.ም ኤል ኦቤድ ሲደርስ በኡም ሩዋባ እና በአር ራሃድ በኩል ነው ያለፈው። ከዚያ ወዲህ እነዚህ ከተሞች የሰሊጥ፣ የለውዝ እና የሙጫ መሰብሰቢያ ሆኑ። ስለዚህ አፊቲዎች ከዓለም የተቆራረጡ ሰዎች አይደሉም። ከመቶ ዓመት በላይ ምርታቸው ከዓለም ገበያ ጋር የተገናኘ፣ ቋንቋቸው ግን በመንደራቸው የተጠበቀ ሕዝብ ናቸው። ተራራው መጠለያቸው፣ ሜዳው መተዳደሪያቸው ሆኖ ሁለቱን አጣምረው ኖረዋል።

አራት ሺህ ሰው የያዘው ምስክርነት

የአፊቲ ቋንቋ ዲኒክ በሚል ስምም ይታወቃል፤ የመንደሩ ሰዎች ግን አፊቲ ወይም ዲቲ የሚለውን ይጠቀማሉ። የቅርብ ዘመዱ በዲሊንግ ከተማ ዙሪያ የሚነገረው የኒማንግ ቋንቋ ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ከመቶ ኪሎ ሜትር የማያንስ ርቀትና ሌሎች ብዙ ቋንቋዎች አሉ። የቋንቋ አጥኚዎች ሁለቱን በአንድ ላይ ኒማ ብለው ይጠሯቸዋል።

ይህ ትንሽ ቤተሰብ ከትልቅ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ክሎድ ሪይ በጥናቱ እንዳቀረበው፣ ኒማ ከሦስት ሌሎች ቅርንጫፎች ጋር አንድ ግንድ ይጋራል። እነርሱም የኑቢያ ቋንቋዎች፣ በሱዳንና በቻድ ድንበር የሚነገሩት የታማ ቋንቋዎች እና በኤርትራ ምዕራባዊ ቆላ በባሬንቱ አካባቢ የሚነገረው ናራ ናቸው። በዚሁ ግንድ ላይ አምስተኛው ቅርንጫፍ ዛሬ ተናጋሪ የሌለው የመርዌ ቋንቋ ነው። መርዌ በዓባይ ዳርቻ የነበረ ገናና መንግሥት ሲሆን የራሱ ፊደል ነበረው። ፊደሉ ከተፈታ መቶ ዓመት ያለፈው ቢሆንም የቃላቱ ትርጉም ግን እስከ ዛሬ በጥቂቱ ብቻ ነው የታወቀው። ምሁራን የመርዌን ጽሑፎች ትርጉም ለማግኘት ከሚጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ ሕያዋን ዘመዶቹን ማነጻጸር ነው። በመሆኑም በደይር ተራራ ሥር አንዲት እናት ለልጇ የምትናገረው ቃል በድንጋይ ላይ ተቀርጾ የቀረን ጥንታዊ ጽሑፍ ለማንበብ ፍንጭ ሊሰጥ ይችላል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ በኖባዎች ላይ ስላደረገው ዘመቻ እና የመርዌ ሰዎች ስለሆኑት ካሱዎች ይናገራል። የእኛ ጽሑፍ እነርሱን ይጠቅሳል፤ የእነርሱ ጽሑፍ ደግሞ ገና በሙሉ አልተነበበም።

ቋንቋው ራሱ ሲታይም ትኩረት የሚስብ ነው። በአማርኛ አንድን ከብዙ እንለያለን። ዐረብኛ በተጨማሪ ሁለት ለሆነ ነገር የተለየ ምልክት አለው። አፊቲም እንዲሁ ለሁለትነት የራሱ ምልክት ያለው ሲሆን፣ ይህ ምልክት ከዝምድና መጠሪያዎች ጋር ያለው ትስስር የጥናት ርዕስ ሆኗል። ወንድምን፣ እኅትን፣ አጎትን እና አክስትን የሚጠሩት ቃላት በቤተሰብ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚተሳሰር ይገልጻሉ። እንዲህ ያለ ቋንቋ ሲጠፋ የሚጠፋው የቃላት ዝርዝር ብቻ ሳይሆን ሰዎች ዝምድናቸውን የሚቆጥሩበት መንገድም ነው።

እምነት የቀየረው እና ያልቀየረው

ዛሬ አብዛኞቹ አፊቲዎች ሙስሊሞች ናቸው። ከእስልምና በፊት በኑባ ተራሮች ሁሉ ኩጁር የሚባሉ የመንፈስ አገልጋዮች ነበሩ፤ በአንዳንድ ተራሮች እስከ ዛሬም አሉ። ኩጁር ዝናብ ሲዘገይ ይጠየቃል፤ በሽታ ሲገባ ይማለዳል፤ ዘር የሚዘራበትንና አዲስ እህል የሚቀመስበትን ጊዜ በሥርዓት ይከፍታል። ናደል የተባለው የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ከ80 ዓመታት በፊት የአፊቲ ዘመድ በሆኑት በኒማንግ ሰዎች ዘንድ ይህን ሥርዓት በዝርዝር አጥንቷል። ከእርሻ ወቅቶች ጋር የተያያዙት የኑባ በዓላት ሲቢር ይባላሉ። በእኛም አገር ዝናብ ሲዘገይ ገበሬው ምህላ ይይዛል፣ ዱዓ ያደርጋል፤ የገበሬ ጭንቀት በየትም አንድ ነውና።

እስልምና ወደ ኮርዶፋን ተራሮች የገባው በነጋዴዎች፣ በሃይማኖት መምህራንና በጎረቤት ማኅበረሰቦች በኩል ሲሆን፣ በሰላማዊ መንገድ ብቻ የመጣም አልነበረም። ማህዲስቶች በጥር 1875 ዓ.ም ኤል ኦቤድን ከያዙ በኋላ መሪያቸው ማህዲ ወደ ካርቱም ከመዝመቱ በፊት በ1876 ዓ.ም በአር ራሃድ ሰፍሮ ነበር። ይህ ስፍራ የደይር ተራራ የሚታይበት ነው። ካርቱም ከወደቀች በኋላ ሐምዳን አቡ አንጃ የተባለው የማህዲስቶች የጦር አዝማች በኑባ ተራሮች ዘመቻ አካሄደ። ይህ ስም ለጎንደር ሰው አዲስ አይደለም። ያው አቡ አንጃ በጥር 1880 ዓ.ም ሳር ውኃ ላይ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ድል አድርጎ ጎንደርን ያቃጠለው ነው። የኑባ ተራሮችና የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት በጥቂት ዓመታት ልዩነት የአንድ ጦር ክንድ ቀምሰዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሃይማኖት መቀበል ቋንቋን መተው ማለት ያልሆነ መሆኑ ነው። አፊቲዎች ሶላታቸውን በዐረብኛ ይሰግዳሉ፤ በቤታቸውና በማሳቸው ግን ቋንቋቸውን ጠብቀዋል። በሌላ በኩል የአንድ እምነት ተከታይ መሆን በራሱ የሰላም ዋስትና አልሆነም። በሚያዝያ 1984 ዓ.ም በኤል ኦቤድ የተሰበሰቡ የሃይማኖት ሰዎች በኑባ ተራሮች አማፂያን ላይ ጂሃድ ሲያውጁ፣ ከአማፂያኑ ጋር የቆሙትን ሙስሊሞችም ከእምነት እንደወጡ ቆጥረዋቸዋል። የመሬትና የሥልጣን ግጭት የሃይማኖት ልብስ ሲለብስ አንድ ዓይነት ጸሎት የሚያደርሱ ሰዎችንም ከመለየት አይመለስም።

ስለዚህ የአፊቲ ቋንቋ ጠላት መስጊዱ አይደለም። በጎረቤቱ ዘንድ የሚነገረው ዐረብኛም ብቻውን አላጠፋውም፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ለረዥም ዘመን ጎን ለጎን ኖረዋልና። አደጋው የሚመጣው ልጆች ቋንቋውን የሚሰሙበት ስፍራ ሲጠፋ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው በዐረብኛ ነው። በ1997 ዓ.ም የጸደቀው የሱዳን የሽግግር ሕገ መንግሥት የአገሪቱ ነባር ቋንቋዎች ሁሉ ብሔራዊ ቋንቋዎች መሆናቸውን፣ ሊከበሩና ሊበለጽጉም እንደሚገባ ደንግጎ ነበር፤ ድንጋጌው ግን ለትንንሾቹ ቋንቋዎች መምህርና መጽሐፍ አላመጣላቸውም። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ቋንቋውን የሚያስተምሩት ቤቱ፣ ጓሮው እና እርሻው ብቻ ናቸው።

ጦርነቱ የነካው

ጦርነቱ በሱዳን ጦር እና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ሲጀመር በካርቱም ይቆማል ብለው የገመቱ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ግን ወደ ኮርዶፋን ተሻገረ። ኤል ኦቤድ ተከበበች። የአፊቲ ገበሬዎች ገበያ የሆኑት አር ራሃድ እና ኡም ሩዋባ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ወደቁ። ጦሩ ኡም ሩዋባን መልሶ የያዘው በጥር 2017 ዓ.ም ሲሆን፣ የኤል ኦቤድ ከበባም በየካቲት ወር ተሰበረ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም የዓለም የምግብ ዋስትና ገምጋሚዎች በምዕራብ ኑባ ተራሮች ረሃብ መግባቱን አረጋገጡ። በጥቅምት 2018 ዓ.ም የዳርፉሯ ኤል ፋሸር ስትወድቅ ደግሞ ዋነኛው የውጊያ ግንባር እንደገና ወደ ኮርዶፋን ዞረ። በመላ አገሪቱ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል።

ይህ ሁሉ ለአንድ የተራራ ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ በእርሻ ዓይን እንየው። መንገዱ ሲዘጋ ሰሊጥና ሙጫው ገዢ ያጣል፤ ቢሸጥም በየኬላው ቀረጥ ይቆረጥበታል። ዘርና የእርሻ መሣሪያ ከገበያ ይጠፋሉ። ሩቁ ማሳ የሚደረስበት መንገድ አስጊ ሲሆን ገበሬው ወደ ጓሮና ወደ ተዳፋቱ ይሰበሰባል። ጓሮው ደግሞ ቤተሰቡን ለረሃቡ ወራት እንጂ ለዓመት አይቀልብም። አንድ ክረምት ሳይታረስ ካለፈ ለዘር የተቀመጠው እህል ይበላል። ሁለተኛው ክረምት ሲያልፍ ቤተሰቡ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ከተማ ወይም ወደ መጠለያ ጣቢያ ይሄዳል። በዚያም የአፊቲ ልጅ ከጀዋምዓ፣ ከኒማንግ እና ከዳርፉር ልጆች ጋር ውኃ ሲቀዳና ሲጫወት ሁሉም የሚግባቡበት ዐረብኛ ብቻ ነው። ከቀደሙት የሱዳን ጦርነቶችና ድርቆች ሸሽተው በካርቱም ዙሪያ የሰፈሩ የብዙ ኑባ ቤተሰቦች ልጆች የአባቶቻቸውን ቋንቋ ሳይናገሩ ማደጋቸው የታወቀ ነው። ብዙ ሕዝብ ያለው ቋንቋ እንዲህ ያለውን ጉዳት ተቋቁሞ ሊያልፍ ይችላል። 4 ሺህ ተናጋሪ ላለው ግን አንድ ትውልድ በቂ ነው።

ከዘር ባንክ የሚገኝ ትምህርት

በግብርና ኮሌጅ በነበርኩበት ጊዜ ስለ ዘር አጠባበቅ ሁለት መንገዶች ተምረን ነበር። አንደኛው ዘሩን በቀዝቃዛ ክፍል ማስቀመጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ገበሬው በማሳው እየዘራ እንዲጠብቀው ማድረግ ነው። ኢትዮጵያ በ1960ዎቹ መጨረሻ የዘር ባንኳን ስታቋቁም ከአፍሪካ ቀዳሚ ነበረች። ሆኖም መምህሮቻችን ደጋግመው የሚነግሩን በባንክ የተቀመጠ ዘር እንደነበረ ይቆያል እንጂ ከአየር ንብረቱ ጋር አብሮ እንደማይለወጥ ነበር። ማሽላ ድርቅንና ተባይን መቋቋምን የሚማረው በማሳ ላይ ነው።

ሱዳን ይህን በመራራ መንገድ አየችው። በምሥራቅ ሱዳን ከአምስት ሺህ ዓመታት በፊት የተለመደ ማሽላ ምልክት ተገኝቷል፤ አገሪቱ የዚህ እህል እናት ከሆኑት ምድሮች አንዷ ናት። የማሽላና የሌሎች ሰብሎች ዘር የተቀመጠበት የዋድ መዳኒ የዘር ባንክ ከተማዋ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ከወደቀች በኋላ ተዘርፎ ጉዳት ደረሰበት። የሱዳን ባለሙያዎች ማትረፍ የቻሉትን ዘር በየካቲት 2017 ዓ.ም በኖርዌይ ስቫልባርድ ወደሚገኘው የዓለም የዘር ማከማቻ ላኩ። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ነገር ግን በበረዶ ተራራ ሥር የተቀመጠ ማሽላ የኮርዶፋንን ልጅ አያበላም። ተመልሶ መዘራት አለበት።

ቋንቋም እንዲሁ ነው። ምሁራን የአፊቲን ድምፆችና ሰዋስው መዝግበዋል፤ ይህ የቋንቋው የዘር ባንክ ነው። መዝገቡ ባይኖር ኖሮ ጥፋቱ ሲደርስ የሚቀር ነገር አይኖርም ነበር። ነገር ግን የትኛው አፈር ማሽላ እንደሚያበቅል፣ የትኛው ዛፍ መላጥ እንደሚገባው፣ የትኛው ደመና እንደሚያዘንብ የሚናገረው ቋንቋ በመዝገብ አይኖርም። አያት የልጅ ልጅዋን ወደ ጓሮ ይዛ ስትወጣ፣ አባት ልጁን ሙጫ ለቀማ ሲልክ በሚነገረው ንግግር ነው የሚኖረው። የአፊቲ ቋንቋ መትረፍ አለመትረፉን የሚወስነው የሚታተመው መዝገበ ቃላት ሳይሆን ገበሬው በመጪዎቹ ክረምቶች ወደ ማሳው መመለስ መቻሉ ነው።

ለእኛስ?

ጉዳዩ በሁለት በኩል ይነካናል። በመጀመሪያ፣ ከሱዳን በመተማና በኩርሙክ በኩል የሚገቡትን ስደተኞች ሁላችንም ሱዳናዊ በሚል አንድ ስም እንጠራቸዋለን። ከመካከላቸው ግን ዐረብኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነ፣ ከተራራና ከእርሻ የመጡ ሰዎች አሉ። ስደተኛውን የሚመዘግብ ሠራተኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ቢጠይቅ፣ የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ጎን ለጎን እንዲሰፍሩ ቢደረግ፣ ለጓሮ የምትሆን ጥቂት መሬትና የማሽላ ዘር ቢሰጣቸው ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ጓሮ የያዘች እናት ልጆቿን የምታስተምርበት ስፍራ አገኘች ማለት ነው።

ሁለተኛው የራሳችን ቤት ነው። የአፊቲ ሩቅ ዘመድ የሆኑ ቋንቋዎች በእኛም ምድር አሉ፤ ኑዌርኛ፣ አኝዋክኛ፣ መዠንግርኛ፣ ሱርምኛና ሙርሲኛ በአንድ ሰፊ የቋንቋ ቤተሰብ ውስጥ ይመደባሉ። በደቡብ ኦሞ የወይጦ ሸለቆ ኦንጎታ የተባለውን ቋንቋ የሚናገሩት እጅግ ጥቂት አዛውንት ብቻ ናቸው። ልጆቻቸው የጎረቤታቸውን የፃማይን ቋንቋ ይናገራሉ። በጎንደር ዙሪያ የቅማንትኛ ተናጋሪዎችም እንዲሁ በዕድሜ የገፉ ጥቂት ሰዎች ናቸው። በሌላ በኩል በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ጉሙዝኛ፣ ቤርትኛና ሺናሽኛ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ትምህርት መግባታቸው ሕግ ከትምህርት ቤት ጋር ሲገናኝ ምን ማድረግ እንደሚቻል ያመለክታል። በሱዳን በወረቀት የቀረው በእኛ ዘንድ በከፊል ተሠርቷል፤ የተሠራውም ሰላም በሌለበት እንደማይጸና ከጎረቤታችን ማየት ይቻላል።

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የተኩስ ማቆም ነው። ነገር ግን የሰላም ንግግሩ ስለ ከተሞችና ስለ ሥልጣን ብቻ ከሆነ ለደይር ተራራ ገበሬ አይበቃውም። ከአር ራሃድና ከኡም ሩዋባ ወደ መንደሮቹ የሚወስዱት መንገዶች ከኬላ ቀረጥ ነጻ መሆን፣ ከሰኔ በፊት ዘር መድረስ፣ የገበሬውና የአርብቶ አደሩ የውኃና የግጦሽ ስምምነት መታደስ በስምምነቱ ውስጥ መግባት ይኖርባቸዋል። እነዚህ ለተደራዳሪዎች ጥቃቅን ጉዳዮች ሊመስሉ ይችላሉ። ለገበሬው ግን ዝናብ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ሰኔ ካለፈ የዓመቱ ዕድል አለፈ።

አበው ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ። ቋንቋም የሚጠፋው በአንድ ቀን በጥይት አይደለም። መጀመሪያ ማሳው ይጾማል፤ ቀጥሎ ቤተሰቡ ይሰደዳል፤ ከዚያ ልጁ በሌላ ቋንቋ ይመልሳል፤ በመጨረሻም አያቲቱ የምታናግረው ሰው ታጣለች። የደይር ተራራ ሰዎች ከዚህ መንገድ የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚቆሙ የሚወሰነው ከፊታችን ባሉት ክረምቶች ነው። ማሽላው በጊዜው ከተዘራ ቃሉም አብሮ ይበቅላል።